አሥራ አንድ እጅ ቀለም

አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀው ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው መውጫ ያለው ጠመዝማዛ ጋ ነው። ቡና የጫነ መኪና ከኋላው ጡሩምባ ሲነፋበት ደንግጦ ከአስፋልቱ ወጣና ቦይ ውስጥ ገባ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ብስክሌቱን በባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሮ፣ አባቴን ከኋላ አስቀምጦ አመጣልኝ። «እህቴ፣ እኚህን ሽማግሌ ለምን ትለቂያቸዋለሽ?» አለኝ። ከሥራ ገና መግባቴ ነበር፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። አመስግኜ ሸኘሁትና የአባቴን ክርን በጨው ውኃ ማጠብ ጀመርኩ።

አባቴ ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። በሥራ ዘመኑ የቡና ባለሙያ ነበር። ከዲላ ተነስቶ እስከ ኮንጋ፣ ሲብስበትም እስከ ፍስሐ ገነት ድረስ የገበሬውን ማሳ ሲዞር የኖረው በኮርስ ብስክሌት ነው፤ ያ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ የውድድር ብስክሌት። ለዚያ ጭቃና ዳገት ከዚህ የባሰ ብስክሌት አይገኝም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሲመድብለት ለባልደረባው አሳልፎ ሰጠ። ብስክሌቱን ከአስመራ የመጣ አንድ ወታደር ወደ ሌላ ጦር ሲዛወር ሸጦለት እንደነበር እናውቃለን፤ መቼ እንደሆነ ግን ሲጠየቅ ሁልጊዜ የተለያየ ነው የሚናገረው።

ጡረታ ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው። አሁን ጠዋት የበላውን ከሰዓት አያስታውስም። ማለዳ ሲነቃ ግን «ኮንጋ ይጠብቁኛል» ይልና ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ቀኑን የሚረሳ ሰው ሚዛን መጠበቅን እንዴት አይረሳም? ይህን ጥያቄ ስንት ጠዋት እንደጠየቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ እኔ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ፊት ተቀምጬ ስልኬን አያለሁ። 

ወንድሜ ሀዋሳ ነው የሚኖረው። ምክሩን በስልክ ይልካል። «ብስክሌቱን ቆልፊበት» አለኝ፤ ቆለፍኩበት። አባቴ በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ላይ ቆሞ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ አገኘሁትና ከፈትኩለት። «እንግዲያው ሽጪው» አለኝ ወንድሜ። መሸጡ ቀላል ነበር። ከዚያ በፊት ግን ያረጀ ካፖርቱን ሳልነግረው ለሰው ሰጥቼ ምን እንደደረሰብኝ አልረሳሁም። ሠራተኛችንን ሌባ ናት ብሎ ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች፤ ሳጥን ሲያገላብጥ፣ ጎረቤት ሲጠይቅ፣ በየሌሊቱ ሲያቃስት ወራት አለፉ። እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ ብስክሌቱ ከዚህ ቤት እንዲወጣ የምፈልገው በአባቴ በራሱ ፈቃድ ነበር። አባቴ አስፋልት ላይ እንዳይሞትብኝ እፈልጋለሁ፤ በአባቴ ዓይን ሌባ መሆን ደግሞ አልፈልግም። ሁለቱም በአንድ ላይ እምቢ አሉኝና ደከመኝ።

እንዲህ እያለ ነው የዩኒቨርሲቲው መምህር የመጣው። ከሰሜን ወደ ዲላ ተመድቦ የመጣ፣ ከእኛ ሰፈር ክፍል የተከራየ ወጣት ነው። አባቴ ብስክሌቱን ሲገፋ በመንገድ አይቶት ቅዳሜ ዕለት በር አንኳኳ። አሮጌ ብስክሌት እየፈለገ፣ እየጠገነ፣ አዲስ አበባ ላሉ ወዳጆቹ እንደሚሸጥ ነገረኝ።

«ዕድሜው ስንት ይሆናል?» አለ።

«ከእኔ ይበልጣል» አልኩት።

ሳቀ። እሱ የሚፈልገው ግን ከዚያ ጠበብ ያለ መልስ ነበር፤ ዋጋው በዕድሜው ነው የሚወሰነው። አባቴ ካልፈቀደ በምንም ዋጋ እንደማልሸጠው አስቀድሜ ነገርኩት። «ግድ የለም፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ» አለና ብስክሌቱን ግቢው መሐል ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው አቆመው። አባቴ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያየው እኛን ይሁን ከአጥሩ ጀርባ ያለውን የእንሰት ቅጠል አይታወቅም ነበር።

መምህሩ እየነካካ ያስረዳኝ ጀመር። በአንድ ምልክት ብቻ ዕድሜ አይነገርም አለ፤ ክፍሎቹ ይለዋወጣሉና ሁሉም አንድ ላይ መመስከር አለባቸው። ፍሬኖቹን አየና አዲስ መሆናቸውን ነገረኝ፤ ኮርቻው በአንድ ወቅት የአባቴ ቦርሳ በነበረ ቆዳ የተሸፈነ ነው። የኋላው ጎማ ባለ ጥርስ ማርሾች አምስት መሆናቸውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ በኋላ የተሠሩት ስድስትና ሰባት ናቸው አለኝ። የፍሬኑ ሽቦ በብረቱ ላይ የተያዘው በትናንሽ ቀለበቶች መሆኑንም ወደደው። ቧንቧዎቹ የተጋጠሙበትን ቦታ በጣቱ ሲዳብስ ቆየ። መጨረሻ ላይ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ቧንቧ ሥር የስልኩን መብራት አበራ። እዚያ ላይ የፋብሪካው ቁጥር መቀረጽ ነበረበት።

«ቁጥር የለውም» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ይህ ምንድን ነው የተቀባው?» አለኝ።

ጉዳችን ያን ጊዜ ወጣ። በእኛ ቤት ዘመን መለወጫ ሲደርስ በርና መስኮት ዘይት ቀለም ይቀባል። ከቆርቆሮው ሥር የሚተርፈው አይደፋም፤ ብስክሌቱ ላይ ነው የሚያልቀው። የዲላ ዝናብ ብረት አይምርም፣ አባቴም ለዝገት ከቀለም የተሻለ መድኃኒት የለም ብሎ ያምን ነበር። እናቴ ቆርቆሮውን ትይዛለች፣ እሱ ይቀባል፣ እኛ ልጆቹ ብሩሹን ለመቀማት እንጣላለን። የበሩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ብስክሌቱም ይለወጣል። ንጹሕና የተከበረ ብስክሌት ነው ብለን በሰፈሩ እንኮራበት ነበር።

መምህሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊቱን ለመደበቅ ሞከረ። «እህቴ፣ የፋብሪካው ቀለም ቢሆን ኖሮ ተጫጭሮም እንኳ ዋጋው ሌላ ነበር። የሚገዙት ሰዎች አዲስ ቀለም አይወዱም» አለኝ። ከድካሜ የተነሳ ሳቅ አመለጠኝ። እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት የቤት ካርታቸው እንዳይበላሽ ብለው በላስቲክ የሚያስለብጡ ሰዎች አሉ፤ ማኅተሙ ተሸፍኖ ሊጣራ ስለማይችል እመልሳቸዋለሁ፣ አንዳንዴም እቆጣቸዋለሁ። የእኔ ቤት በዚሁ ሥራ ላይ ዕድሜውን እንደፈጀ ያን ቅዳሜ ነው ያወቅኩት።

ቁጥሩን ለማግኘት ከቧንቧው ሥር ትንሽ ቦታ በምላጭ እንዲፍቅ ጠየቀኝ፤ ፈቀድኩለት። ቀስ ብሎ ዳር ዳሩን ሲፍቀው ቀለሞቹ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት አንዱ በአንዱ ውስጥ ታዩ። ቡናማ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ እያለ ወደ ውስጥ ይወርዳል። መምህሩ ለጨዋታ ያህል ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።

አባቴ መቼ ከወንበሩ እንደተነሳ አላየሁትም። ከመሐላችን ገብቶ ቁጢጥ አለና ጣቱን ቡናማው ላይ አሳረፈ። በጌዴኡፋ መናገር ጀመረ፤ ካረጀ ወዲህ አማርኛው እየሸሸው ነው።

«ምን አሉ?» አለኝ መምህሩ።

«የወንድሜ ሠርግ ነው ይላል። የሙሽሪቷ ዘመዶች ሊመጡ ሲሉ የተቀባ ነው፤ ቀለሙ አልበቃንምና የጓሮው መስኮት ሳይቀባ ቀረ» አልኩት። ዞሬ የጓሮውን መስኮት አየሁት። እስከ ዛሬ ግራጫ ነው።

ጣቱ ወደ ግራጫው ወረደ። ቡናው በበሽታ የደረቀበት ዓመት ነው አለ፤ ርካሽ ቀለም ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎ የሰው ልብስ ሲያበላሽ ሰነበተ። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ይቺን ልጄ ናት የቀባችው፣ ስድስተኛ ክፍል እያለች። የጎማውን ራጂዎች፣ እነዚያን ቀጫጭን ሽቦዎች ሳይቀር አንድ በአንድ ቀባቻቸው። አልተቆጣኋትም» አለ። ይህንንም ለመምህሩ ተረጎምኩለት፤ ልጅቷ እኔ ነኝ። አልተቆጣኝም፤ እውነት ነው።

ከአረንጓዴው በታች፣ ነጭ ከመምጣቱ በፊት፣ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር ነበረች። መምህሩ የሥር ቀለም መስሎት ነበር። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ዝገት ነው» አለ። «እናታቸው የሞተችበት ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት በር አልቀባሁም።» እናቴ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ በራችን ሁለት ዓመት ሳይቀባ መቆየቱን፣ ከዚያም በየዓመቱ መቀባቱ መቅረቱን ፈጽሞ አላስተዋልኩም። ነጩን የመረጠችው እሷ ናት አለ። እሱ ጭቃ ያሳያል ብሎ ሲከራከራት «ያሳያ፣ ይታጠባል» አለችው።

እንዲህ እያለ እስከ ታችኛው፣ እስከ ፋብሪካው ደብዛዛ ሰማያዊ ድረስ ወረደ። አንዱንም አልዘለለም። ለአንድ ሰዓት ያህል አባቴ ሙሉ ሰው ነበር፤ እኔም ለአንድ ሰዓት ልጅ ነበርኩ። መምህሩ ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ፤ ቁጥሩም ከቀለሙ ሥር ወጣለት። ከማርሾቹ፣ ከሽቦው ቀለበቶችና ከቁጥሩ ጋር አገናዝቦ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ጣሊያን አገር የተሠራ መሆን አለበት አለ። ቀለሙ ዋጋውን ከግማሽ በላይ በልቶታል፤ ቢሆንም እገዛዋለሁ አለ። ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ «አባት፣ ይሸጡልኛል?» ሲል ጠየቀው።

አባቴ በአማርኛ መለሰለት። «ታዲያ ነገ ኮንጋ በምን ልሂድ፣ ልጄ?»

በማግስቱ ጠዋት መምህሩንም ቀለሙንም ረስቶት ነበር። እኔ ግን አንድ መላ መጥቶልኝ ነበር። ጠጋኝ ጠርቼ ካቴናውን፣ ፔዳሉን ከኋላ ጎማ የሚያገናኘውን ሰንሰለት፣ አስወለቅኩና አባቴን አዲስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው አልኩት። አመነኝ። በየቀኑ «መጣ?» ይላል፣ በየቀኑ «ገና ነው» እላለሁ። ውሸት ነው፤ በመንገድ ላይ ከሚሞት ይሻላል ብዬ ተሸከምኩት። መምህሩም አልፎ አልፎ እየደወለ «ፈቀዱ?» ይለኛል። ለእሱም «ገና ነው» እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምላጭ ይዤ አባቴ አጠገብ እቀመጥ ጀመር። ከብስክሌቱ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ እፍቃለሁ፤ እሱ ያነብልኛል። በየጊዜው የሚጨምረው ነገር አያጣም፤ አንድ ቀን የእናቴን ዘፈን፣ አንድ ቀን ቆርቆሮውን የደፋችውን ዶሮ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያደክመኝ፣ ሌሊት ስንቴ ሲያስነሳኝ የከረመ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ይመለስልኛል። ለእሱ ብዬ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለራሴ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈና ብስክሌቱ ፈንጣጣ የያዘው መሰለ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ የአባቴ ትዝታ መንሸራተት ጀመረ። ቡናማው የወንድሜ መሆኑ ቀረና የራሱ ሠርግ ሆነ። ግራጫውን ዘለለው። አላረምኩትም፤ የማረም ጉልበትም አልነበረኝም። ዝገቷን አንድ ቅዳሜ በጣቱ ጠርጎ ቆሻሻ ነው ብሎ አለፋት፤ ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አረንጓዴውን ፈቅኩለት። ብዙ አየው። ከዚያ እንደ እንግዳ በአክብሮት ወደ እኔ ዞረ፤ እንድነግረው የሚጠብቅ መሰለኝ። ነገርኩት። በጌዴኡፋ፣ እሱ እንደነገረኝ አድርጌ፣ ስለ ስድስተኛ ክፍሏ ልጅ፣ ስለ ራጂዎቹ፣ አባቷ እንዳልተቆጣት፣ ነጩን ስለመረጠችው እናት፣ ሳይቀባ ስለከረመው በር ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ደህና ሰዎች ነበሩ» አለ ስጨርስ። «ጥሩ ቤት ነበራቸው።»

«ነበራቸው» አልኩት።

«ብስክሌቱ የእነሱ ነው?»

«አዎ፣ የእነሱ ነው።»

«ታዲያ የሰው ዕቃ እዚህ ምን ያደርጋል? ይፈልጉታል እኮ» አለኝ፣ በትንሹ ቆጣ ብሎ። «መልሺላቸው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ፈቃድ ይኸው ነበር። ከእንግዲህ ብሸጠው የሚፈልገውም የሚጠይቀኝም የለም። «እሺ አባዬ፣ እመልስላቸዋለሁ» አልኩት። ለመምህሩ ለመደወል ተነሳሁ፤ ስልኩ ከእጄ ላይ ነበር። በረንዳው ጋ ስደርስ ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና ሳልደውል ተመልሼ እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ።