ከሦስት በላይ

ዛሬ ጠዋት ክረምቱን ሙሉ ሳልነካው የቆየሁትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ስሰካው፣ ሽቦው ላይ የተኛው አቧራ ጋለና ሸተተ። መጥፎ ሽታ አይደለም። ደረቅ ነው፤ የሞቀ ጨርቅና የሞቀ እንጨት ይመስላል። እዚያው ምድጃው ፊት እንደቆምኩ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ጊታሩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ጣቶቼ የአምፕሊፋየሯ ሳጥን እስክትሞቅ ይጠብቃሉ።

አንቺ የቤተ ክርስቲያናችሁን የኢዮቤልዩ መጽሔት ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ «እርስዎ ጊታር ይጫወቱ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ስትዪኝ፣ «ማን አለ?» ብዬ ዘጋሁሽ። ከሄድሽ በኋላ ግን መጽሔቱን አነበብኩት። የመዘምራን መሪው ፎቶ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል። ከሥሩ፣ «በስደቱ ዘመን የዝማሬ መሣሪያዎችን በታማኝነት የጠበቀ» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። እንግዲያው ስሚ። እሱ ሞቷል፤ እኔ ግን ገና አለሁ።

መሣሪያ የሚሉት አንድ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታርና አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። አሁን መድረክ ላይ እንደምታዪው ቁም ሣጥን የሚያህል እንዳይመስልሽ። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለኅብረታችን ትታልን የሄደችው ነው። በቡናማ ጨርቅ የተለበጠች፣ ከላይ የቆዳ እጀታ ያላት፣ አንድ ስፒከር ብቻ የያዘች ሳጥን ነበረች። ከኋላዋ ጣት ጣት የሚያህሉ ሦስት የመስታወት ቱቦዎች አሉ። ስትሰኪያት ወዲያው አትናገርም። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ እንደ ፍም ይቀላሉ፣ አቧራው ይሸታል፣ ከዚያ ስፒከሩ እንደተኛ ሰው መተንፈስ ይጀምራል። ዝቅ አድርገሽ ስትጫወቺ ድምጿ ከቅጠል ላይ እንደሚንጠባጠብ ውሃ የጠራ ነው። ከግማሽ በላይ ከከፈትሻት ግን ጉሮሮዋ ይሻክራል፤ ብዙ እንዳለቀሰ ሰው ትሆናለች።

መሪያችን ይህን መሻከር አልወደደውም። ከነርሷ ዕቃ የተረፈ የቁስል ፕላስተር ቀደደና የድምፅ መጨመሪያው ከሦስት ቁጥር እንዳያልፍ ለጠፈበት።

«እስከ ሦስት ዝማሬ ነው፤ ከሦስት በላይ ዘፈን ነው» አለን።

ማናችንም አልሳቅንም። ዘፈን ኃጢአት ነው እየተባልን ያደግን ልጆች ነበርን። ድንበሩ የት እንደሆነ ግን ነግሮን የሚያውቅ አልነበረም፤ በቁጥር ሲነገረን እንዲያውም ደስ አለን።

እኔ ተንተባታቢ ነበርኩ። አሁን እንደምትሰሚኝ አይደለም፤ አሁን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የቀረው ነው ያለው። ያኔ በተለይ ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ቃል ይይዘኝና ዓይኔ እስኪፈጥ ያስቆመኝ ነበር። ጊታሩን ስይዝ ግን የሚይዘኝ ነገር አልነበረም። መሪው ይህን ያውቅ ስለነበር በሰው ፊት፣ «ይቺ ልጅ ጊታር ባይፈጠር ዲዳ ነበረች» ይላል። እህቱ ከሁሉም ቀድማ ትስቃለች። የሚያናድደው ግን ልክ መሆኑ ነበር። ለእኔ ያቺ ወንበር፣ ከሳጥኗ አጠገብ ያለችው፣ በዓለም ላይ ሰው የምሆንባት ብቸኛ ቦታ ነበረች። ከሌላ ከማንም ምንም አልፈለግሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ በኋላ የምንሰበሰበው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዲት መበለት ቤት ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሦስት እየሆንን እንገባለን። ሳጥኗን የምሸከማት እኔ ነኝ። ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ጎመን ከላይ ጣል አድርጌ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ግርግር መሃል አቋርጣለሁ። ከመበለቷ ቤት ጎን በርበሬ ነጋዴ የሆነች ሙስሊም ጎረቤት ነበረች። አንድ ቀን አንድ አብዮት ጠባቂ በሯ ላይ ቆሞ፣ «ከዚህ ቤት የሚሰማው ምንድን ነው?» ሲላት ሰምተናል።

«ንብ ነው።»

«የምን ንብ?»

«የቀፎ ነዋ! ወላሂ፣ መበለቷ ንብ ይዛለች። ግባና ይንደፍህ።»

ሰውየው ሄደ። እሷም ግድግዳውን በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ፣ «አብሽሩ፣ ሄዷል! ግን ንቦቹ ዛሬ በዝተዋል፣ ቀንሱ!» አለችን። ከዚያ ሁሉ ጸሎተኛ መሃል ለእኔ የዋሸችልኝ እሷ ብቻ ናት። ይህንንም መጽሔታችሁ ላይ አላየሁትም።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስድስት ሆነን እየተለማመድን ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር የመበለቷን መጋረጃ ሊያሳጥር መጥቶ መስኮቱ ሥር መርፌና ክር ይዞ ተቀምጧል። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና የቀበሌው የኪነት ቡድን ኃላፊ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ጊታሩን መሬት አስቀምጬዋለሁ፤ ሳጥኗ ግን ቀይ መብራቷ እንደበራ ነው።

«ይሄ የማነው?» አለ ኃላፊው።

ሳጥኗን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«የማነው አልኩ! የሁላችሁም ከሆነ ሁላችሁም ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።»

መሪው ከወንበሩ ተነሣ። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ያ ጣት አሁንም ይታየኛል፤ ጥፍሩ ንጹሕ ነበር።

«የእሷ ነው፣ ጓድ። እኛ ስትጫወት ልናይ መጥተን ነው።»

መበለቷ መሬት መሬት አየች። እህቱ ነጠላዋን አስተካከለች። አባቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ቀረ፣ ቀና አላለም። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ላደርግ ነው?

ኃላፊው ግን ሊያስረን አልመጣም። የቡድኑ አምፕሊፋየር ተቃጥሎበታል፤ ሐሙስ ደግሞ ኮምቦልቻ የቀበሌዎች የኪነት ውድድር አለ።

«ትጫወቻለሽ» አለኝ። «ከተጫወትሽ ይሄ ቤት መጋረጃ የሚሰፋበት ቤት ነው። ካልተጫወትሽ ምን ቤት እንደሆነ እንጠይቃለን።»

ሐሙስ በጭነት መኪና ወረድን። ከደሴ ብርድ ወጥተን ጠመዝማዛውን በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ መጣ፤ ሳጥኗን ታቅፌ ላቤ ጨርቋ ላይ ይንጠባጠባል። ውድድሩ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ነበር። የጥጥ ብናኝና የማሽን ቅባት ይሸታል። አንድ ማይክሮፎን ብቻ አለ፤ እሱም ለዘፋኟ ተሰጠ። የእኔን ሳጥን ወንበር ላይ አስቀምጬ በሦስት ቁጥር ጀመርኩ። ከበሮው ዋጠኝ። እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

«የለሽም!» እያለ ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ ይጮኻል። «ክፈቺው! አንቺ ልጅ፣ የለሽም እኮ!»

ጎንበስ ብዬ ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። መጨመሪያውን አዞርኩት፤ አራት፣ ስድስት፣ እስኪቆም ድረስ።

ከዚያች ትንሽ ሳጥን ያ ድምፅ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሻካራ፣ የተቀደደ፣ ትልቅ። አንዷን ክር ስነካት ድምጿ ሳይሞት ይንጠለጠላል፤ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። የሚዘፈነው ስለ ምርት ዘመቻ ቢሆንም ዜማው አምባሰል ነበር። ዘፋኟ ስታርፍ እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። ሠራተኞቹ ከአግዳሚ ተነሡ። አንዱ፣ «ኧረ ልጅት! ግደይን!» ሲል ሰማሁት። በዚያች ሰዓት ተገድጄ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ለአባቴም፣ በኋላ ለባሌም አልተናገርኩም።

ሁለተኛ ወጣን። ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ፤ ሳጥኗንም መለሰልኝ፣ ያንንም ቤት ዳግመኛ አልረገጠውም። የማልወደው ሰው ነው፤ ግን ቃሉን ጠበቀ።

ቅዳሜ ሳጥኗን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ድሮው ጎመን ጥዬባት ወሰድኩ። «ተመስገን፣ ተረፍን» የሚለኝ ሰው የማገኝ መስሎኝ ነበር። የመሪው እህት ሳጥኗን አወጣች፣ አገላበጠቻት።

«ፕላስተሩስ?» አለች።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የሚናገረው ግን መሪው ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሁልጊዜም ለስላሳ ነበር።

«እህቴ፣ ኮምቦልቻ በመሄድሽ አንፈርድብሽም። ተገደሽ ነው። ፕላስተሩን የላጠው ግን ማነው? እሱንስ ማን አስገደደሽ?»

«ማ… ማንም» አልኩ።

ይኸው ነው። ከኅብረት ታገድኩ። ከበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ እንድቀመጥ፣ የጌታ እራት እንዳልወስድ፣ ጊታሩን እንዳልነካ ተወሰነ። እንዲመለስልኝ በጉባኤው ፊት ቆሜ በድያለሁ ማለት አለብኝ። ጊታሩ ለእህቱ ተሰጠ። ስትጫወት ሽንኩርት የምትልጥ ነበር የምትመስለው። ስምንት እሑድ ሙሉ ከበሩ ሥር ሆኜ ያንን ስሰማ ኖርኩ። ሰው ሲገባና ሲወጣ እግሬን ይረግጠኛል፤ ሰላም የሚለኝ ግን የለም። የታገደን ሰው ሰላም ማለት ሥርዓት አልነበረምና።

አባቴ አንድ ማታ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ልጄ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አለኝ። ለእሱ አንዲት ቃል ነበረች። ለእኔ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ተራራ ናት። ቢሆንም ጊታሩን ፈልጌ ነበር፤ በዘጠነኛው እሑድ ቆምኩ።

«በ… በ… በ…»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከንፈሬ ተጣብቆ ቀረ። አንገቴ ላይ ያለው ሥር ሲገተር ይሰማኛል። እህቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አይዞሽ» አለኝ መሪው። «ጌታ ምላስን አያይም። ጉባኤው ግን መስማት አለበት። እንደገና።»

እንደገና ሞከርኩ። እንደገና አለኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ያኔ ከፊት ወንበሮች አንዱ ተንቋቋ። አባቴ ነው። በጉባኤ መሃል ቆሞ ተናግሮ የማያውቅ ሰው።

«በድያለሁ» አለ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን በደሉ?» አለው መሪው።

«ሳጥኑ የማነው ተብሎ ሲጠየቅ እዚህ ቤት ነበርኩ። ዝም አልኩ። አንተም ነበርክ።»

እንግዲህ የምነግርሽ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለመሪው ፎቶ መልስ ነው። በዚያች ቅጽበት ቃሉ አፌ ውስጥ ላላ። በግልጽ ተሰማኝ፤ ብናገረው አንድም ቦታ ሳይይዘኝ ይወጣ ነበር። አባቴ ዞሮ አየኝ። እንድጨርሰው እየጠበቀ ነበር፤ ሁለታችንንም ተቀብለውን አብረን እንድንወጣ። እኔ ግን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ያቀረቀረውን ሰው አየሁ። ከንፈሬን ገጠምኩ። እዚያው ብቻውን ቆሞ እንዲቀር ትቼው በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ያን ሳምንት ኮምቦልቻ ወርጄ እዚያው የተጫወትኩበት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። አባቴን በመሪው ላይ በመናገሩ አገዱት። ሳጥኗ ደግሞ ብዙ አልቆየችም። ድምፅ ወጣብን ብለው ፈርተው ብርድ ልብስ ደርበው ሲጫወቱባት፣ ሙቀቷ መውጫ አጥቶ ውስጧ ተቃጠለ። መጽሔታችሁ በመጨረሻ ደርግ ወሰዳት ይላል። ደርግ ብዙ ነገር ወስዷል፤ እሷን ግን ያፈኗት እነሱ ናቸው። ያንን አስተካክዪልኝ።

በርበሬ ነጋዴዋ በገበያ ቀን ኮምቦልቻ ትወርድ ነበር። አንድ ቀን ስታየኝ ሚዛኗን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እሑድ እሑድ አሁንም ይመጣል። በሩ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ነው የሚያስቀምጡት።»

«ይ… ይቀመጥ» አልኳት።

«ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ጎኑን ለአንድ ሰው ክፍት ይተወዋል። ሰው ሊቀመጥ ሲል ተይዟል ይላል። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ምን ብላለች ልበለው?»

«እሑድም ሥራ አለባት በይው» አልኳት።

እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነበር።