አባየና የሰማዩ አቧራ

ወረታ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ዝም ማሰኘት አያቅተኝም፤ አባቴን አንዲት ነገር ማሳመን ግን አቅቶኝ ከረመ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ ቶሎ ከተገፈፈ ይድናሉ፣ ከቆየ ግን ያስቸግራል ብሏል። እሳቸው እቴ! ዓይኔ ደህና ነው፣ የደከመውስ ኮከቡ ነው እያሉ ያደርቁኛል።

ባለፈው ኅዳር ሩዙ ተወቅቶ አውድማ ላይ ነፋስ ስንጠብቅ አመሸን። ነፋሱን የሚለዩት አባየ ናቸው፤ ጭብጥ ገለባ ለቀቅ አድርገው አንሱ ሲሉ ወንድሜ በመንሽ ማዝራት ይጀምራል። ያን ምሽት ቀና ብለው ኮከቡ ሁሉ ጠፋ አሉኝ። የእኔ አፍ መቼ ያርፋል! በከዋክብት መካከል አቧራ አለ፣ እንደ ደመና ተሰብስቦ ከኋላው ያለውን ብርሃን ያደበዝዛል ብዬ ትምህርቴን ጀመርኩ። ወንድሜ ሲያዘራ ከገለባው ወዲያ በርቶ የተቀመጠው የእጅ ባትሪ ፈዞና ቀላ ብሎ ታየ። ልክ እንዲህ ነው አልኳቸው።

አባየ ደስ አላቸው፤ ለእኔ ግን ጉድ ፈላብኝ። በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማዩ አቧራ እንደለበሰ ሰማ፤ አባየ አስተማሪዋ ልጄ ራሷ መስክራለች እያሉ አወሩ። ሐኪም ቤት መሄድ የሚባለው ነገር ቀረ። በንዴት አረርኩ።

በሌላ ምሽት እዚያው አውድማ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አቧራው በሰማዩ ሁሉ እኩል አልተበተነም አልኳቸው። አብዛኛው ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው ነጣ ያለ የከዋክብት ጎዳና ላይ ነው የተነጠፈው፤ እዚያም ቢሆን አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። በጣና በኩል ጎዳናውን ለሁለት የሰነጠቀው ጥቁር ነገር እሱ ነው። በደቡብ፣ ወደ ሐሙሲት በኩል ግን አቧራው የለም ማለት ይቻላል።

ገለባ ሲከመር የኖሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ገባቸው።

«ታዲያ ወደ ሐሙሲት ኮከቡ ይታያል ማለት ነው?»

«አዎ አባየ። ብቻውን የቆመ አንድ ትልቅ ኮከብ አለ።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ዞሩ። ብዙ ፈለጉት፤ አላገኙትም። ወንድሜን ጠርተው አለ ወይ ብለው ጠየቁት፤ አለ አላቸው። ማሸነፌ ግን ደስ አላለኝም።

«እንግዲያ ሰማዩን ያለ ጥፋቱ ሳማው ከረምኩ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መቼ ነው የምትወስጅኝ?»

ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። የዓይናቸው መሸፈኛ በተነሣበት ጠዋት ሐኪሙ ጣቶቹን ዘርግቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቃቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ትክ ብለው አዩኝ፤ እጃቸውን ሰድደው ጠጉሬን ነኩ።

«አንች፣ መቼ ሸበትሽ?» አሉኝ።

ሐኪሙ ጣቶቹን እንደዘረጋ ቀረ።