ገሱባ የተተከለው ድንኳን

ወይንሸት ፓምፕ ትሸጣለች፣ እኔ መኪና እነዳላታለሁ። ስንት ዓመት አብረን ዞረናል፤ እንግዲህ ስለ እሷ እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገር ነው? ስሜ ባሮክ ነው። ቶሎ ይናደዳል እያሉ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ወይንሸት የቢጠና ከተማ ልጅ ናት። ሶዶ ላይ ማርኬቲንግ ተምራ ስትጨርስ ድርጅታችን በራሪ ወረቀት እንድታድል ቀጠራት። የመስኖ ፓምፕና ቱቦ ነው የምንሸጠው። ገበያ መሃል ቆማ ወረቀቱን ስታድል ሰዉ እየተቀበለ ቆሎ ይጠቀልልበታል። እኔ ብሆን ወረቀቱን ቀዳድጄ ቤቴ እገባ ነበር። እሷ ግን ከቆሎ በሊዎቹ ጋር ቁጭ ብላ ወሬ ጀመረች። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ማትሪክ እንደወደቀ፣ የማን ጉድጓድ እንደደረቀ ሁሉን ታውቃለች። የሸጠችው ፓምፕ ሲበላሽ በእሁድ ቀን እንኳ መካኒክ ይዛ ትሄዳለች። ሲወልዱ ትጠይቃለች፣ ሲሞትባቸው ለቅሶ ትደርሳለች። እኔም አብሬ እደርሳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ! እንዲህ እንዲህ እያለች ከወረቀት አዳይነት ተነስታ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ ሆነች።

ከደንበኞቿ ሁሉ ትልቁ የገሱባ ገበሬዎች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደገፉ ናቸው። ባለፈው ክረምት ማኅበሩ አዲስ ግዢ ሊወስን ሲዘጋጅ ሌላ ድርጅት ከጎን ገብቶ ዋጋ ሰበረ። ያኔ ከአዲስ አበባ የተመደበልን ሥራ አስኪያጅ ሄኖክ ወይንሸትን ቢሮው ጠርቶ ቁርጡን ነገራት።

«ገሱባ ከእጃችን ከወጣ የሶዶው ቅርንጫፍ ይዘጋል። ያንቺም ሥራ እዚያው ያበቃል።»

ሄኖክ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱን እንኳ አልለውም። ችግሩ የሰማውን ነገር ሁሉ ዕቅድ ያደርገዋል። ወይንሸት አንድ ቀን ሥልጠና ስትሰጥ «ደንበኛ ሲያዝን ለቅሶ መድረስ አለብን» ብላ ነበር። እሱ አጨብጭቦ ሲያበቃ «በሐዘን ጊዜ የደንበኛ አያያዝ» የሚል ዕቅድ ይዞ መጣ። ሐሳቤን ሰማኝ ብላ ደስ አላት።

ማኅበሩ ሊወስን ሳምንት ሲቀረው የጋሽ ደገፉ እናት ሞቱ። እኛ ያን ቀን ዲምቱ ከተማ ፓምፕ እያስገጠምን ነበር። ወይንሸት መርዶውን ስትሰማ እዚያው ቱቦው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሮጊቷን «አዬ» ነበር የምትላቸው፤ በወላይትኛ እናቴ ማለቷ ነው። በሄደች ቁጥር ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የሚስሟት። ወዲያው ተነሳን። ሶዶ ልንገባ ስንል ከሄኖክ መልእክት መጣላት። አነበበችውና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ባሮክ፣ ሄኖክ ለቅሶው ቤት ድንኳን ልኳል።»

«ታዲያ ምን አለበት? ዝናብ አይደል እንዴ?»

«የኤግዚቢሽኑን ድንኳን ነው የላከው!»

ወይ ጉድ! ያን ድንኳን በየባዛሩ ስጭነውና ሳወርደው የኖርኩት እኔ ነኝ። አራቱም ጎኑ ላይ የድርጅታችን ስምና ስልክ ተጽፎበታል። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ ፓምፕ ታቅፎ፣ ጥርሱ እስኪቆጠር የሚስቅ ገበሬ ሥዕል አለ። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ቤት ሊስቅ ነው! ይባስ ብሎ ፎቶ አንሺያችን ይስሐቅ አብሮ ሄዷል። የሚያነሳው ፎቶ በፌስቡክ ገጻችን ሊለቀቅ ነው አሉ።

ሄኖክ ጋ ደወለች። «በፈጠረህ ድንኳኑን አስመልሰው» አለችው።

እየጮኸ ስለሚያወራ መልሱን እኔም ሰማሁት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ለቅሶ እንድረስ ያልሽው? ይኸው ደረስን!»

ስልኩን ዘጋችው። ይስሐቅ ጋ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። «ንዳው» አለችኝ።

ነዳሁት። የገሱባን መንገድ በክረምት ያየ ያውቀዋል። ጭቃው ጎማዬን ይዞ አልለቅም ሲል መንገዱን የሠራውንም ያልሠራውንም ተሳደብኩ። ሌላ ጊዜ «አንተ ሰው፣ አፍህን ያዝ!» ትለኛለች። ያን ቀን ጥፍሯን ስትበላ ነበር። ፈራሁላት። ሥራውስ ሥራ ነው፤ ያቺ ሴት ግን በእነዚያ ሰዎች ፊት ከተዋረደች ከየትኛው በር ትገባለች እያልኩ ነው የፈራሁት።

ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ተመልሷል። ድንኳኑ ግቢው መሃል ተገትሯል። ለቀስተኛው ከየሰፈሩ በቡድን በቡድን ሆኖ እየጮኸ ይመጣና ያን ገበሬ ሲያይ ለቅሶው አፉ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ያጉረመርማል። ይስሐቅ ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶውን ያነሳል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከድንኳኑ ሥር አሮጊቶች ተደርድረዋል። ይነቀል እንዳይባል አሮጊቶቹ በዝናብ ሊደበደቡ ነው፤ ይቆይ እንዳይባል ውርደት ነው።

ጋሽ ደገፉ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ወይንሸት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት። ማቀፋቸው አልነበረም፤ እንዳትጠጋቸው ነው።

«የእናቴን ለቅሶ ገበያ አወጣችሁት፣ ወይንሸት?»

«አፈር ልሁን ጋሼ! ሲላክ አላወቅኩም።»

«እሱን ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከ ዛሬ ቤቴ ስትመጪ የኖርሽው ለእኛ ብለሽ ነው ወይስ ለፓምፑ?»

እኔ በልቤ «ለእናንተ ብዬ ነው በያ! በይ እንጂ!» እላለሁ። አንዲት ቃል እኮ ናት፤ ማኅበሩም እንጀራዋም ይተርፋሉ።

«ለሁለቱም ነው» አለች። «መጀመሪያ የመጣሁት ለፓምፑ ነው። አዬን ካወቅኩ በኋላ ሥራ ባይኖረኝም እመጣ ነበር። አሁን ሁለቱን ለዪ ብባል አልችልም። ለቅሶ እንድረስ ብዬ ቢሮውን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ ጋሼ።»

አበደች እንዴ ይቺ ልጅ! እሷ መልስ አልጠበቀችም። የጋሽ ደገፉ እህት ትዕዛዝ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ወይንሸት በወላይትኛ አንድ ነገር አለቻት። ትዕዛዝ ወንድሟን አየት አድርጋ ከጓዳ ቢላ አመጣችላት። ወይንሸት ጓሮ ገብታ የእንሰት ቅጠል ትቆርጥ ጀመር። ገባኝ፤ ያን ሥዕልና ጽሑፍ ልትሸፍነው ነው። ጫማዬን አውልቄ የድንኳኑ ብረት ላይ ወጣሁ፤ እሷ ታቀብለኛለች፣ እኔ በቃጫ አስራለሁ። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆነ። መጀመሪያ ሰዉ ቆሞ ያየን ነበር፤ ኋላ አንዱ ጎረቤት መጣ፣ ሌላውም ተከተለ። ይስሐቅን ከወንበሩ አውርዳ እጇን ዘረጋችለት።

«የካሜራውን ካርድ ስጠኝ።»

«ሄኖክ ይቆጣኛል እኮ።»

«በእኔ አላክክ።»

ገበሬው ከነጥርሱ ከቅጠሉ ሥር ገባ። ቀጥሎ የመጣው ለቀስተኛ እየጮኸ ገብቶ አዬን እንደሚገባ አለቀሰላቸው።

ጋሽ ደገፉ ወደ እኛ መጡ። «ማኅበሩ ከእናንተ አይገዛም» አሉ። «ዛሬ ይሄን ያየውን ሰው ግዛ ብዬ አልለምነውም። ለአለቃሽ ንገሪው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

በቃ፣ አለቀ! ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት ሥራ በአንድ ሸራ ጠፋ። ሄኖክን ብቻ ሳይሆን ሽማግሌውንም ልሰድባቸው ዳዳኝ። ወይንሸት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ጎንበስ አለችና ወደ መኪናው ዞረች።

«ወዴት ነው?» ብለው ጋሽ ደገፉ ጮሁባት።

ደንግጣ ቆመች።

«ሰልስት ሳይወጣ ወዴት ነው የምትሄጂው? የሰው ቤት ነው እንዴ የመጣሽው? ትዕዛዝ ብቻዋን ናት፤ ንፍሮውን አዙሪ!»

ወይንሸት ጭቃው ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ከዚያ በቀሚሷ እጇን ጠረገችና የንፍሮውን ሰፌድ ተቀበለች። ስልኳ ሲጮኽ አይታው ለእኔ አቀበለችኝ። ሄኖክ ነው።

«ምን ልበለው?»

«ለቅሶ ላይ ናት በለው።»

«የማን ለቅሶ ካለኝስ?»

«የቤታችን» አለችኝና ንፍሮውን ይዛ ገባች።