ለስለት ያደገው ቁንጮዬ

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ማጅራቴን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ይነካኛል። ጸጉር ቆራጩ ጋሽ ከድር በእጅ የሚጨመቀውን ቶንዶሳቸውን የሚያለሰልሱት በዚያ ዘይት ነበርና ፣ ሽታው ዛሬም አሰላ ገበያ ዳር ከነበረችው ጠባብ ቤታቸው ወስዶ ያስቀምጠኛል። ደስ ብሎኝ አይደለም የምቀመጠው ፤ እያፈርኩ ነው።

እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም ሳይድኹ ሞተውባት ነበር። እኔን ስትወልድ ፣ «ይህን ካተረፍክልኝ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጸጉሩን ደጅህ አምጥቼ አስቆርጠዋለሁ» ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ስለዚህ ዙሪያውን በመቀስ እያሳጠረች አናቴ ላይ ቁንጮ ትተውልኝ ነበር ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ቅቤ ቀብታ ፣ ጫፉን በጣቷ እያፍተለተለች ፣ «አንተ የኔ ምስክር» ትለኝ ነበር።

ፊቴ ሞላላ ነው ፣ የወሰድኩትም ከእሷ ነው። ሞላላ ፊት ላይ ቁንጮ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ክረምት ላይ ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ ልናቦካ ስንሰበሰብ ነው። የሰፈር ልጆች ፣ «ቅሉ መጣ! እጀታውን ያዙት!» እያሉ በቁንጮዬ ይጎትቱኝ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰድቡኝ ስለነበር መሸሻ ቋንቋ እንኳ አልነበረኝም።

መስከረም አልፎ ኅዳር ገባና ገብሱ መታጨድ ሲጀምር ፣ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ጸጉሬ ለሚቆረጥበት ለታኅሣሥ ገብርኤል አንድ ወር ያህል ቀርቶኝ ነበር። ያቺን አንድ ወር መታገሥ አቃተኝ። በገበያ ቀን እናቴ እስክትወጣ ጠብቄ ፣ ከዶሮዋ ሥር ሁለት እንቁላል አንስቼ ፣ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ።

«ኮቱ ፣ ና ተቀመጥ» አሉኝና አገጬን ይዘው ወደ መስታወቱ አዞሩኝ። «ሞላላ ፊት መልካም ፊት ነው ፣ አናቱ ላይ ካልቆለልክበት። ጎኑ ይደግ ፣ አናቱ ይውረድ ፣ ያኔ ሰብሰብ ይላል።» ወዲያው ቁንጮዬን ጨበጡና ቆም አሉ። «የስለት አይደለም?»

«አይደለም ፣ ጋሼ።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ።»

ቆረጡት። እግዜር ያውቃል ፣ አማረብኝ! በሩ ላይ ቆሜ ፣ ከሳጉሬ እህል ጭነው ከመጡ ልጆች ጋር እየተጎራረርኩ ሳለሁ ፣ እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች። ጭንቅላቴን አየች። ዘንቢሏን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባችና ፣ ጥግ ላይ በተጠረገው በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ጸጉር ፊት ተንበርክካ መልቀም ጀመረች።

«ወላሂ አላወቅሁም ፣ እትዬ! ይነሱ ፣ እኔ ልልቀምልዎ» አሉ ጋሽ ከድር ፣ እሳቸውም አብረዋት ቁጢጥ ብለው።

ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ ፣ «ሴትየዋ ምን ሆና ነው? ታውቃታለህ እንዴ?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልኩ።

በሩ ክፍት ነበር። እጇ ጸጉሩ ላይ ትንሽ ቆመ ፤ ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች።

አልመታችኝም። የገብርኤል ዕለት ጸጉሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛኝ ስትሄድ ፣ «እማዬ ፣ የሌላ ሰው ጸጉር እኮ ተቀላቅሎበታል» አልኳት።

«እሱ ይለየዋል» አለች።

በሩ ላይ ስለተናገርኩት ግን ያን ቀንም ፣ እስክትሞት ድረስም አላነሳችብኝም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ አውርቼ ተነሥቻለሁ።

ዛሬ የልጅ ልጄን ጸጉር ቤት የምትወስደው እናቱ ናት ፣ አንዳንዴ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ግድግዳው ሙሉ የጸጉር ዓይነት ፎቶ ተለጥፎበታል ፤ ልጁም እንደ እኛው ሞላላ ነውና ፣ ለፊቱ የሚስማማውን ራሱ መርጦ ያስቆርጣል። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይዞርና ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማው ፣ «እማዬ! አማረብኝ?» ብሎ ይጮኻል። ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ፣ «እማዬ» የምትለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶኝ ነበር።