የአባቴ ሞተርና የኔ ቂም

በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያመላልሰው ተከራዬ ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛ ሞተሩን ገዛ። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይነቅላል፣ አንድ ነገር ይተክላል። ትናንት ጠዋት አዲስ ማርሚታ፣ ያው የጭስ ማውጫውን፣ አስገጥሞ ግቢውን ሲያናውጠው፣ ቁርሴን ትቼ ወጣሁና፣ "አሮጌውን የት አደረስከው?" አልኩት።

"ጋራዥ ጣልኩት፤ ምን ይሠራልኛል?"

ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ፍርፍሩን ግን ወደ ጎን ገፋሁት።

በሱ ዕድሜ አቃቂ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አባቴ ዓይኑ ሲደክም ሞተሩን ለኔ ሰጠኝ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ሳለ ገዝቷት፣ ሌላ ሰው እንዳይነካት እየተቆጣ፣ በገዛ እጁ እየወለወለ ያኖራት። ድምጿ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዱግ ዱግ ነው። አንድ ቀን በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ዘሪሁን የሚባል በኔው ክፍል የሚሠራ ልጅ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ "ይቺ ሞተር ናት የበርበሬ ወፍጮ?" አለ። በሩ ላይ የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፋ፤ አለቃችን እንኳ "ባለ ወፍጮው፣ ና እስቲ" ይለኝ ጀመር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደሜ ፈላ።

ሳሪስ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የዚያ ቤት ደንብ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ አሮጌው ለመካኒኩ ይቀራል፤ በዚያ ልክ የእጅ ዋጋ ይቀነስልሃል። መጀመሪያ ማርሚታዋን አስቀየርኩ። ዘሪሁን፣ "ወፍጮው ጉንፋን ያዘው" አለ። የቤንዚን ታንከሯን ቀየርኩ፣ መቀመጫዋን፣ መብራቷን። ሌላው ደመወዙን ለጠጅ ሲያፈስ እኔ ለመስታወትና ለቀለም አፈሰስኩ፤ ለይቶልኝ ነበር። በመጨረሻ የተረፈ አካሏንም እዚያው ጥዬ ቀይ ጃፓን ሠራሽ ይዤ ገባሁ።

አባቴ አዲሱን መቀመጫ ዳበሰና፣ "የኔዋስ?" አለኝ።

"ሸጥኳት አባዬ። አርጅታ ነበር።"

"እኔም አርጅቻለሁ" አለና ወደ ቤት ገባ።

ክረምቱ አልፎ፣ ያ ጫማ የሚያስቀር የአቃቂ ጭቃ ሲደርቅ፣ አንድ እሑድ ከመንገዱ በኩል ዱግ ዱግ ተሰማ። አባቴ ደጃፍ ካለው ወንበሩ ብድግ አለ። "መጣች!"

የመጣው ዘሪሁን ነበር። ለካ መካኒኩ የጣልኩትን ሁሉ አጠራቅሞ፣ መልሶ ገጣጥሞ ሸጦለታል። በደጃችን ሊያላግጥብኝ እንደመጣ ምዬ እናገራለሁ። አባቴ ግን ሞተሯን እየዳበሰ ሲያለቅስ፣ ሰውዬው አንገቱን ደፋ። "ጋሼ፣ ይውጡ፣ ላንሸራሽርዎት" አለው። ቃሊቲ ድረስ ወስዶ ጥብስ አብልቶ መለሰው። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጋቢውን አጣፍቶ እሱን ይጠብቃል። የኔ ቀይ ሞተር ላይ አንድ ቀን አልወጣም።

የወለደኝ አባቴ፣ ለኔ በሰጣት ሞተር፣ ከጠላቴ ጀርባ! ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት እንዲሉ፣ ቅዳሴ ቆሜ የማስበው ዘሪሁንን ነበር። የሱም በሽታ የኔው ነው፤ አዲስ ሞተር ሲያይ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ቀዩን ሞተሬን እንዳያውቀው ሰማያዊ አስቀባሁና ለአንድ ደላላ ሰጠሁት። "ከዘሪሁን ሞተር ጋር አለዋውጠኝ፤ ስሜን ግን እንዳታነሣ" አልኩት። ሦስት ቀን አልፈጀም። አሮጌዋ እጄ እንደገባች ብረት ወደሚያቀልጡ ሰዎች ወሰድኳትና በመዶሻ ሲፈረካክሷት ቆሜ አየሁ። "እሰይ!" ብያለሁ፤ ጮክ ብዬ።

እሑድ ዘሪሁን በሰማያዊው ሞተር መጣ። አባቴ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይውጡ እንጂ።"

"አይ ልጄ፣ የኔዋ ስትመጣ እወጣለሁ" አለና ተቀመጠ። እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። የት እንደገባች አልነገርኩትም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላ ነበር።

ሰው ሲሸመግል ቂም ይለቀዋል ይላሉ። ውሸት ነው። ዘሪሁንን ዕድር ላይ ሳየው ዛሬም ሆዴ ይሻክራል። እሱ ግን ከሩቅ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ የተበቀለው ሰው እንዳለ እንኳ አያውቅም። ያንን በቀል የቀመሰው አባቴ ብቻ ነው።