ለጋሪ የተዜመ አምባሰል

የሺሀረግ አሳ ትጠብሳለች፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግን «አሳ ጠባሿ» ብሎ የሚጠራት የለም። «ምላሷ» ነው የሚሏት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ ሚኒባስ ደጇ ላይ ቆም ሲል፣ ረዳቱ ተሳፋሪውን «አሳውን ብሉ፣ ሴትዮዋን ግን አትንኩ፤ በግጥም ትጠብሳችኋለች» ብሎ ያስጠነቅቃል። ከሐይቁ ማዶ ያለው ገዳም ሴት አያስገባም። ድምፅ የሚከለክል አጥር ግን ገና ስላልተሠራ፣ ነፋሱ ወደዚያ በነፈሰ ቀን መነኮሳቱ የእሷን ዘፈን ከነቅላፄው ሳይሰሙት አይቀሩም እየተባለ ይታማል።

የተወለደችው አምባሰል ነው፣ ከገደሉ ሥር። ጡት ሳትጥል ነው መግጠም የጀመረችው ይሏታል፤ ይህ እንኳ ውሸት ነው። ወደ ሐይቅ ያመጣት ጋብቻ ነበር፤ ጋብቻውን ያፈረሰው ደግሞ ግጥም። ባሏ ደሳለኝ ደግ ሰው ነበር፤ እንቅልፍ ይወዳል እንጂ ሌላ ዐመል አልነበረውም። አንድ ቀን ክርስትና ቤት «እስቲ ባልሽን አሞግሺ» ብለው ቢያስቸግሯት እንዲህ አለች፦

የኔ ባል ጀግና ነው፣ ወደ ኋላ አይልም፣
ጠላት ቢመጣበት ካልጋው ላይ አይነሳም።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ደሳለኝም አብሮ ሳቀ፤ አጨበጨበም። ነገሩ የገባው በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው። ዕቃውን ጠቅልሎ እናቱ ቤት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የሺሀረግም ብዙ አላዘነችም። መጥበሻ ገዛችና ሐይቁ ዳር ተቀመጠች።

እህቷ ያገባችው የሐይቅ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። የእነሱ ልጅ ሉብና ቨርጂኒያ ከገባች ቆይታለች። ታዲያ ባለፈው ክረምት እንደወጣ ሉብና ደወለች።

«አክስቴ፣ እዚህ ምርጫ ደርሷል። ለኮንግረስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምክር ቤት ነው። ቨርጂኒያ አሥራ አንድ ወረዳ አላት። ከየወረዳው አንድ አንድ ሰው ይመረጥና ዋሽንግተን ይገባል።»

«አሥራ አንድ ብቻ? ደቡብ ወሎ እንኳ ከዚያ ይበልጣል እኮ! ስሟ ነው እንጂ የገነነው፣ አንድ ዞን አትሞላማ!»

ሉብና የወረዳዎቹን ካርታ በስልክ ላከችላት። የሺሀረግ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ አየችው። አንዱ ወረዳ እንደ አምባዛ ጅራት ተጣሞ ከሌላው ሆድ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያለ መንደር አቅፎ ተመልሷል።

«ይኼን ወሰን ያሰመረው ማን ነው?»

«ፖለቲከኞች ናቸው። ደጋፊያቸው ያለበትን ሰፈር እየመረጡ ይከልሉታል አሉ።»

«ተይ እንጂ! እኛ ዘንድ ወሰን የገፋ ሰው ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ እናንተ ዘንድ ወንበር ይሰጡታል?»

ሉብና ሳቀችና ወደ ጉዳይዋ ገባች። እሷ ባለችበት ወረዳ የሚወዳደር አንድ ሰው አለ፤ እሷም ከሥራ ስትወጣ ደጅ እያንኳኳች ምረጡት ትላለች። በወረዳው አማርኛ ተናጋሪ ሞልቷል፣ ነገር ግን ከቤቱ ወጥቶ አይመርጥም። አክስቷ አንድ ሁለት ስንኝ በአምባሰል ብታዜምለት፣ ቢያንስ ዘፈኑን ፍለጋ ይወጣል።

«ስሙ ማነው ሰውዬው?»

«ጋሪ።»

የሺሀረግ እስከምታስል ሳቀች። መጥበሻው ላይ የነበረው ቆሮሶ አሳ በአንድ ጎኑ ከሰል ሆነ።

«ፈረስ የሚጎትተው?»

«አክስቴ ሙች፣ የፈረንጅ ስም ነው! ጋሪ።»

«እሺ፣ ጋሪ ምን ዐይነት ሰው ነው? የማላውቀውን ሰው አላሞግስም።»

ሉብና ጥቂት አሰበች። «ደግ ነው። ሰው ያዳምጣል። ድምፅ ሲሰጥ ግን… ፓርቲው ያለውን ነው የሚከተለው።»

«በቃኝ» አለች የሺሀረግ። ስልኩን ዘይት ጣሳው ላይ አስደገፈችው፤ ዘይቱ እየተንጫጫ፣ ከበሮ ሳይኖር፣ ማሲንቆ ሳይኖር፣ ድምፅዋን ከአምባሰል ገደል ላይ እንደሚወርድ ጉም ለቀቀችው፦

ጋሪን ምረጡልኝ፣ ጋሪ ሸክም አይከብደው፣
መንገዱን የሚያውቀው ከፊት የቀደመው።

ሉብና ደስ አላት። ላይ ላዩን ሲሰማ፣ መንገድ የሚያውቅ፣ ሸክም የሚችል፣ ከሁሉ የቀደመ መሪ ነው። ዘፈኑ ቨርጂኒያ ውስጥ ከስልክ ስልክ ዞረ። በአንድ ስብሰባ ላይ ጋሪ ራሱ ትከሻውን ለማንቀጥቀጥ ሞክሮ አንገቱ ተቀጨ አሉ። ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤት ወረዳ ሰዎች በሉብና በኩል ተማጸኑ፤ የእነሱም ዕጩ ግጥም ፈለገ። ስሙ ሳም ነው።

«ሳም!» አለች የሺሀረግ። «እግዜር ለእኔ ብሎ ነው እንዴ እነዚህን ሰዎች ክርስትና ያነሣቸው?»

ሳም ሳም ሳም ይሉኛል፣ አገር ምድሩ ሁሉ፣
ምርጫው ያለፈ ዕለት ፊት ይዞራል አሉ።

«የዚህኛው ሰም ትንሽ ስስ ነው» ብላ ራሷም አምናለች። ከዚያ ሌላ ወረዳም ጠየቀ፣ ነገር ግን ዕጩው ክሪስቶፈር ስለሚባል እምቢ አለች። «ከጠፈር በቀር ቤት የሚመታለት የለም። እሱን ወደ ጠፈር ላኩት፣ ኮንግረስ ይቅርበት።»

እስከዚህ ነገሩ ሁሉ የቨርጂኒያ ነበር። ችግሩ፣ ዘፈን መንገድ ያውቃልና፣ ሁለቱም ስንኞች ውቅያኖስ ተሻግረው ሐይቅ ተመለሱ። ሲመለሱ ኮንግረሱን እዚያው ጥለውት ነው የመጡት። የመጡት ጋሪና ሳም ብቻ ናቸው።

ሐይቅ ከተማን ባጃጅ ከወረራት ወዲህ የቀረው ጋሪ ጥቂት ነው። ከባለጋሪዎቹ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሽታው። ዝምተኛ ነው። ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር ያወራል፤ ፈረሱም ከሰው ይልቅ ያዳምጠዋል። ከየሺሀረግ አጠገብ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጠው ዘሀራ ዘፈኑን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያ ረቢ! የሺሀረግ ሽታውን በዘፈን ጠየቀችው! ‹ጋሪን ምረጡልኝ› ብላ ሽማግሌ እየፈለገች ነው!»

«ሁለተኛውንስ ሰማሽ?» አለቻት አንዷ ደንበኛዋ። «‹ሳም ሳም ይሉኛል› ትላለች።»

«ወላሂ?» አለች ዘሀራ። «ነገሩ ገና ጥያቄ ላይ ሳለ እዚያ ደርሰዋል?»

እስከ ገበያ ቀን ያልሰማ አልቀረም። ሽታው ጋሪው ላይ ተቀምጦ በመንገድ ሲያልፍ፣ የማያውቁት ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ!» ይሉታል። ፈረሱ የወለደ መስሏቸው ነው ብሎ «ወንድ ፈረስ ነው እኮ» እያለ ይመልስ ነበር። በኋላ ግን የባጃጅ ሾፌሮቹ ዘፈኑን አሰሙት። ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሰማው። «ጋሪ ሸክም አይከብደው» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ተቀመጠ። በዕድሜ ዘመኑ እንዲህ ብሎ ያመሰገነው ሰው አልነበረም።

የቀበሌ ሰውም አልቀረ፤ አንድ ከሰዓት መጥቶ አሳ አዘዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «እት የሺሀረግ፣ ይኼ ጋሪ የትኛው ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነው? እኛ ዘንድ የተመዘገበ ጋሪ የለም።» የሺሀረግ አገላብጣ አየችውና «ብላና ሂድ፣ እሾሁን ግን ተጠንቀቅ» አለችው። የከተማውን ወሬ እሷ ገና አልሰማችም ነበር። የራስ ወሬ ለራስ መጨረሻ ነው የሚደርሰው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሽታው መጣ። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሸሚዙ እጥፋት ገና አልተፈታም። ፈረሱን ከዋርካው ሥር አስሮ ወንበር ላይ በጥግ በኩል ተቀመጠ። አሳ አዘዘ፣ ግን አልነካውም።

«አያ ሽታው፣ አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «መልእክትሽ ደርሶኛል።»

«የምን መልእክት?»

«የዘፈኑ። እኔ አንደበት የለኝም፣ ታውቂያለሽ። ግን እሺ ብያለሁ።»

ዘሀራ ከጎን ሻይ መቅዳቷን ትታ ጆሮዋን አቁማለች። የሺሀረግ ነገሩ ብልጭ አለላት። ሳቅ መጣባት፤ ከዚያ የሸሚዙን እጥፋት አየችና ሳቁን ዋጠችው። በሕይወቷ ሳቅ ስትውጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«አያ ሽታው» አለች አጠገቡ ተቀምጣ፣ «ዘፈኑ ላንተ አልነበረም። ጋሪ የሚባል አንድ የአሜሪካ ሰው አለ። ለምክር ቤት ይወዳደራል።»

ሽታው ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«ሰው ነው?»

«ሰው ነው።»

«ፈረስ የለውም?»

«ምን ያደርግለታል?»

«ፈረስ የሌለው ጋሪ ታዲያ ምን ይሆናል?»

«ኮንግረስ ይገባል» አለች የሺሀረግ።

ሽታው ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ግን ሸሚዙን ወደ ታች ተመለከተ። «ቆርቆሮ ቤቴንም ቀለም ቀብቼው ነበር» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለፈረሱ አልታወቀም። ተነሥቶ ሄደ። አሳው ሳይነካ ቀረ።

የሺሀረግ ያን ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ጨው አበዛችበት። ሰው በሷ ግጥም ሲናደድ ኖሯል፤ ይህን ታውቃለች፣ ለምዳዋለች። በሷ ግጥም ደስ ብሎት ቤቱን ቀለም የቀባ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። ዘሀራን ልትሰድባት ወደ ጎረቤት ሄደች፤ ዘሀራም ቀድማ «እኔ ምን አደረግሁ? ‹ምረጡልኝ› ያልሽ አንቺ!» አለቻት። ተመልሳ መጥበሻዋ ዘንድ ተቀመጠች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ምርጫው ደረሰ። እዚያ መሽቶ ድምፅ ሲቆጠር፣ እዚህ ነግቶ እሳት እየተያያዘ ነበር። ሉብና ደወለች፤ ድምፅዋ ጎርንኗል።

«ጋሪ ተሸነፈ። ሳም በራሱ ወረዳ አሸንፏል።»

«በእኔ ግጥም ነው?»

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ!» አለች ሉብና። «አክስቴ፣ እኔ ሰሙን ለመንኩሽ እንጂ ወርቁን ማን አለሽ? አንድ ሽማግሌ ስብሰባ መካከል ተነሥቶ ፈታው! ‹መንገዱን የሚያውቀው ጋሪው ሳይሆን ከፊቱ ያለው ፈረስ ነው፤ ፈረሱም ፓርቲው ነው› አለ። አዳራሹ ሁሉ ተንጫጫ። ለጋሪ ተርጉመው እስኪነግሩት አላረፉም።»

«ምን አለ?»

«‹ፈረሱን ያገኘ ሰው ካለ ያስተዋውቀኝ› አለ።»

የሺሀረግ ጋሪን ያን ጊዜ ወደደችው። «ታዲያ በእኔ ተሸነፈ በይኛ!»

«ኧረ አይደለም። የእኛ ሰው ድምፅ ለዚያ አይበቃም። ወሰኑ ነው የጣለው፤ ይደግፈው የነበረውን ሰፈር ቆርሰው ለሌላ ወረዳ ሰጥተውታል።»

ይህን ስትሰማ ትንሽ ቅር አላት። ለአንድ አፍታ አሜሪካን የጣለች መስሏት ነበር። ሳም ደግሞ ምርጫው ሳይደርስ በቪዲዮ አመስግኗት ነበር። ስሟን «ዬሺ ሃሬግ» ብሎ፣ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ከመካከሉ ሰብሮ ጨረሰው። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ቃል አልመጣም።

ሉብና በደወለችበት ዕለት ከሰዓት የሺሀረግ ሁለት ቆሮሶ በወረቀት ጠቅልላ ወደ ሽታው ቤት ወጣች። ቤቱ እውነትም አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ስላልበቃው የጓሮው ግድግዳ እንደ ዱሮው ዝጎ ቀርቷል። ሽታው ለፈረሱ ውሃ እያጠጣ ነበር።

«ጋሪ ተሸነፈ» አለችው ያለ ሰላምታ።

«እኔ ነኝ ወይስ ያኛው?»

«ያኛው።»

ባልዲውን አስቀመጠ። «ያሸነፈውስ ስንት ዘመን ይቀመጣል?»

«ሁለት ዓመት። ከዚያ እንደገና ልመና ይገባል፤ ካልወደዱት ያወርዱታል።»

ሽታው ፈረሱን ተመለከተ። ፈረሱም ተመለከተው። ዝምተኛ ሰው ሲያስብ ይቆያል፤ ሲናገር ግን አጭር ነው።

«እኔንስ ለሁለት ዓመት ብትመርጪኝ?»

የሺሀረግ ግጥም ፈለገች፤ ቤት የሚመታ አንድም ቃል አጣች። «ምን ትሠራለህ ብትመረጥ?» አለችው በመጨረሻ።

«አሳውን ከሐይቁ በጋሪ አመጣልሻለሁ። አልጋ ላይ አላረፍድም። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።»

«ካልሠራህ አወርድሃለሁ።»

«ካልሠራሁ ልውረድ።»

ለጋብቻው ሽማግሌ ሆነው የመጡት ቄስ ይህን የሁለት ዓመት ውል ሲሰሙ ለመነሣት ተቃረቡ። «ልጄ፣ ጋብቻ የሁለት ዓመት የለውም! በኮንትራት አይባረክም!» አሉ። የሺሀረግ «አባቴ፣ እርስዎ ለዘላለም ይባርኩት፤ እኔ በየሁለት ዓመቱ አድሰዋለሁ» አለቻቸው። ዘሀራ ከጀርባ «አሚን» አለች። ቄሱ ሳቅና ቁጣ ተናነቃቸው፤ የቀረበው ጠላ ጥሩ ስለነበር ሳቁ አሸነፈ።

ሽታው አሁን አሳ መገልበጥ እየተማረ ነው። ብዙውን ይሰባብረዋል። ደንበኛ ሲያጉረመርም፣ የሺሀረግ የተሰባበረውን ሰብስባ በቃሪያና በሽንኩርት ታቁላላውና «ይኼ የባለቤቴ ፈጠራ ነው» ብላ ታቀርበዋለች። ከወልድያ የሚመጡ ሾፌሮች አሁን አሁን ሙሉውን ትተው እሱን ነው የሚያዙት።