ጠረጴዛው ያለቀባት ቆራጭ

በልብስ ፋብሪካችን ውስጥ መቀሷ የምንላት ሴት አለች። ከደመወዝ ከፋዩ በቀር እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። መቀስ አንዴ ጨርቅ ላይ ካሳረፈች ጫፍ ሳትደርስ አታነሣም። «መሃል ላይ ከተነሣ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል» ትላለች።

አዲሱ መቁረጫ ማሽን ሲመጣ በእጅ መቁረጥ ቀረ። አለቃው ሰበሰበንና፣ የልብሱን ቅድ፣ እጅጌውንና ደረቱን፣ በኮምፒውተር የሚደረድር አንድ ሰው ብቻ እንደሚፈልግ ነገረን። ዕድሉን ለመቀሷ ሰጣት፤ ዓርብ ይፈትናታል። ካልቻለች ካውያ ክፍል ትገባለች። እዚያ ደግሞ እንፋሎት ነው። በወጣትነቷ ሠርታበት ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨ ነው የወጣችው፤ ሐኪሙም ሁለተኛ እንዳትመለስ ብሏታል። ሥራውን ትታ እንዳትሄድ ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ቆየ። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል ሆነባት።

የተሰጣት ክፍል የድሮ የክር ማከማቻ ነው፤ መስኮት የለውም። ጠረጴዛው በግድግዳና በብረት ቁም ሣጥን መሃል ተሸጉጧል። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ የምተክልበት ወንበር ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉም ይታየኛል። የምታሠለጥናት ቀጭኗ የምንላት ናት፤ መቀሷ ራሷ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት ልጅ።

«ማውሱን ሲገፉት ቀስቷ ትሄዳለች እትዬ። ቅዱን ተጭነው ይዘው ይጎትቱታል፤ አለቀ» አለቻትና ወደ ማሽኑ ሄደች።

መቀሷ ገፋች። ቀስቷ ስክሪኑ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ማውሱ ቁም ሣጥኑን መታው። ወደ ግራ ብትመልሰው ቀስቷም አብራ ተመለሰች። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ብረት። የገዛ ተማሪዋን መጠየቅ ሞት ሆነባት። ይልቅ አናጢውን ለምና ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስዞረች፤ ጫፉንም በጣውላ አስቀጠለች። ጣውላው በሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ለመግባትም ለመውጣትም በሥሩ መሹለክ ነበረባት።

«ነገ ደግሞ ግድግዳውን ታስፈርሰኛለች» አለኝ አናጢው።

ዓርብ አለቃው መጣ። ጣውላው አላስገባው ስላለ በር ላይ ቆመ፤ እኛም ከኋላው ተኮለኮልን።

«ይህን እጅጌ ስክሪኑ ቀኝ ጫፍ አድርሺልኝ።»

ተጭና ያዘችና ገፋች። ማውሱ ጠረጴዛውን ጨርሶ ጣውላው ላይ ወጣ፤ ጣውላውን ጨርሶ አለቃው ሆድ ሥር ደረሰ። ገመዱ ተወጠረ። እጅጌው ግን ገና ነው።

«ወዴት እየመጣሽ ነው?» አላት።

ከኋላ ሳቅ አመለጠ። መቀሷ ክንዷን እንደዘረጋች ቀረች። ብትለቅ እጅጌው መሃል ሜዳ ይወድቃል፤ ብትገፋ ሰውዬው አለ። ደረቷ ሲያፏጭ ከበር ሰማሁት።

«ቀጭኗ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠረጴዛው አለቀብኝ።»

«ያንሡታ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ማውሱን ነዋ። ጣትዎን ሳይለቁ ብድግ አድርገው ወደ መሃል ይመልሱት። ቀስቷ ካለችበት አትነቃነቅም።»

«እንዲህ በአየር?»

«በአየር።»

እጇን ከነማውሱ አነሣች፣ ቀስ ብላ፣ ዕቃ እንደምትሰርቅ ሰው። ቀስቷ አልተነቃነቀችም። መልሳ አሳርፋ ገፋች፤ እጅጌው ጫፉ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ሳትስቅ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያውቁታል ብዬ ነዋ። ደግሞ እርስዎን ማን ደፍሮ ያርማል?»

አለቃው ሰዓቱን አየ። «ይበቃል፣ ችለሻል። ካውያው ቀርቶልሻል።» ፊቷ ሊፈታ ሲል ቀጠለ። «ጣውላው ዛሬውኑ ይነሣ። በሩም ተዘግቶ ይዋል፤ የጨርቁ ብናኝ ኮምፒውተሩን ይገድለዋል።»

«መስኮት እንኳ የለውም እኮ ጌታዬ።»

«ካውያ ክፍል መስኮት አለው» አላት።

አናጢው ጣውላውን ነቀለ። መቀሷ እኛንም፣ ከኋላችን የተዘረጋውን፣ ስትቆርጥበት የኖረችውን ረጅሙን ጠረጴዛም አየት አደረገችና በሩን ራሷ ሳበችው።